ስኳሩ የት ቀረ? አዳማ ላይ ቢራ በቤታቸው ለሚጠምቁ የማሽ መመሪያ

ብቅል ገዝታችሁ፣ አስፈጭታችሁ፣ ግማሽ ቀን ጋዙ አጠገብ ቆማችሁ ስታበቁ ሃይድሮሜትሩ (የፈሳሹን የስኳር መጠን የሚለካው መሣሪያ) ካሰባችሁት በታች ያሳያል። ወዲያው ጥፋቱ ብቅሉ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ብቅሉ ያለውን ይዞ ነው የመጣው። ስኳሩ ወይ ታጥቦ ሳይወጣ አተላው ውስጥ ቀርቷል፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ስኳር ሳይሆን ስታርች እንደሆነ ተደፍቷል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጣጣዎች ናቸው። የመጀመሪያው በጥሩ አጠባ ይፈታል። ሁለተኛው ግን ውኃ ብታዘንቡበትም ንቅንቅ አይልም።

ሰው ግን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ቀን ይቀይራል። ወፍጮውን ያጠብቃል፣ ማሹን (በሙቅ ውኃ የተነከረውን የተፈጨ ብቅል) ሁለት ሰዓት ያቆያል፣ ውኃ ይጨምራል፣ ሎሚ ይጨምቃል። ቢሻሻልለት እንኳ በየትኛው እንደተሻሻለ አያውቅም። ስለዚህ እዚህ የምንሄደው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ችግሩ ያለበትን መለየት፣ ከዚያ ያንን ብቻ መንካት።

ምሳሌዎቹ ሁሉ በ5 ኪሎ ብቅል ናቸው። ከመፍላቱ በፊት ድስቱ ውስጥ 25 ሊትር ወርት እንፈልጋለን። ወርት የምንለው ከብቅሉ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው።

ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት

ሃይድሮሜትሩ 1.042 ካነበበ 42 ነጥብ እንበለው። አንድ ኪሎ ጥሩ የገብስ ብቅል ያለውን ሁሉ ቢሰጥ አንድ ሊትር ላይ 300 ነጥብ ያህል ነው። 5 ኪሎ ሲሆን 1,500። ድስቱ ውስጥ 25 ሊትር ካለና 1.042 ካነበበ፣ 25 በ42 ሲባዛ 1,050 ይመጣል። 1,050ን ለ1,500 ስታካፍሉ 70 በመቶ። ኢፊሸንሲያችሁ፣ ማለትም ብቅሉ ካለው ስኳር ያወጣችሁት ድርሻ፣ ይኼ ነው።

ቤት ውስጥ ከ70 እስከ 80 ደህና ነው። ከ65 በታች ከሆነ የሆነ ቦታ ችግር አለ። ከ85 በላይ ማሳደድ ግን ለፋብሪካ እንጂ ለጓዳ አይመስለኝም፤ ግማሽ ኪሎ ብቅል ጨምሮ መገላገል ይሻላል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ግማሹ የኢፊሸንሲ ችግር የመለኪያ ችግር ነው።

ቴርሞሜትሩን እንጀምር። የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ነው ተብለን ነው ያደግነው። አዳማ ላይ አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 94 እና 95 ዲግሪ መካከል ነው። ሐዋሳም ያው ነው፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቴርሞሜትሩን የፈላ ውኃ ውስጥ ከትቶ "አምስት ዲግሪ ይጎድለዋል" ብሎ ያስተካከለ ሰው ደህናውን መሣሪያ አበላሸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ 66 ነው ብሎ የሚያምነው ማሽ እውነተኛው ሙቀቱ 60 ወይም 61 ይሆናል። እዚያ ሙቀት ላይ የገብስ ስታርች በደንብ ስለማይላቀቅ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት የብቅሉ ኢንዛይሞች የሚሠሩበት ነገር ያጥራቸዋል፤ ሰውዬው ግን ብቅሉን ይሰድባል። መፈተሽ ከፈለጋችሁ በበረዶ ፈትሹ። በረዶ ሰባብራችሁ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉ፣ ትንሽ ውኃ ጨምሩበት፣ አማስሉት። እዚያ ውስጥ 0 ማንበብ አለበት፤ ይኼ አዳማም ሆነ አሰብ አይለወጥም።

ሃይድሮሜትሩ ቀጥሎ ይመጣል። አብዛኞቹ የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ወርቱን 60 ዲግሪ ላይ እያለ ከለካችሁት 15 ነጥብ ያህል አሳንሶ ያነብባል። አቀዝቅዙት። "ቀዝቅዟል" ስንል ደግሞ የአዳማ ከሰዓት 28 ዲግሪ ከሆነ ገና ሁለት ነጥብ ይበላችኋል። ትንሽ ናሙና በጠባብ ብርጭቆ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ አለቀ።

መጠኑም ያታልላል። 20 ሊትር የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ያልፋል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ባልዲውንም ድስቱንም በሚዛን ፈትሹ፣ ከዚያ በማማሰያው ላይ በየ5 ሊትሩ በቢላ ምልክት አድርጉ። ለመፍላት የደረሰ ወርት በ4 በመቶ ያህል ስለሚለጠጥ ትኩስ ሆኖ 25 ሊትር ያሳየው ሲቀዘቅዝ 24 ነው። ግራቪቲውን (ሃይድሮሜትሩ የሚያነብበውን ቁጥር) በቀዝቃዛ፣ መጠኑን በትኩስ ለክታችሁ ካባዛችሁ ራሳችሁን አሞኛችሁ።

ስኳሩ አልተሠራም ወይስ አልወጣም?

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይኼን ክፍል ውሰዱ።

ማሹ ሲያልቅ፣ የማጠቢያ ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት፣ አጥብቃችሁ አማስሉና ከመጀመሪያው ፈሳሽ ትንሽ ቅዱ። አቀዝቅዛችሁ ለኩ። ስታርቹ በሙሉ ወደ ስኳር ከተለወጠ ይህ ቁጥር የሚወሰነው በአንድ ኪሎ ብቅል ስንት ሊትር ውኃ እንደተጠቀማችሁ ነው። በኪሎ 3 ሊትር ከሆነ 1.083 አካባቢ ማንበብ አለበት። በ3.5 ሊትር 1.073፣ በ4 ሊትር 1.065።

ከእነዚህ በሦስት በአራት ነጥብ ብቻ ከቀነሰ ብቅላችሁ ሥራውን ጨርሷል። የጎደለው ስኳር አተላው ውስጥ ስለሆነ በቀጥታ ወደ አጠባው ክፍል ዝለሉ። ከአሥር ነጥብ በላይ ከቀነሰ ግን ችግሩ ከዚያ በፊት ነው፤ ፍጭቱን፣ ውኃውን ወይም ሙቀቱን ፈልጉ።

አዮዲንም ይረዳል። ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል አዮዲን በቂ ነው። ነጭ ሰሃን ላይ ጥርት ያለ ወርት ጠብ አድርጉ፣ አጠገቡ አንድ ጠብታ አዮዲን፣ ከዚያ አገናኙት። ወደ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ካደላ ስታርች አለ። ቡናማ ሆኖ ከቀረ ወርቱ ውስጥ ስታርች የለም። ገለባ እንዳይገባበት፤ ገለባ ሁልጊዜ ያጠቁራል። ሰሃኑን ደፍታችሁ እጠቡት፣ ወደ ድስቱ እንዳትመልሱት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዮዲን የሚናገረው ወርቱ ውስጥ ስላለው ብቻ ነው። ሳይሰበር የቀረ ፍሬ ውስጥ የተደበቀውን ስታርች አያየውም። ለዚህ ነው ግራቪቲውን የማስቀድመው።

ፍጭት

በግሌ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሁልጊዜ ፍጭቱን ነው።

የሚፈለገው ሽርክት ነው። ፍሬው ተሰባብሮ፣ ገለባው ግን ተከፍቶ ሳይደቅ እንዲወጣ። ገለባው በኋላ ማጣሪያችሁ ስለሆነ ከደቀቀ ድፍድፉ ተጣብቆ አላወርድ ይላል። የሰፈር ወፍጮ ቤት ደግሞ የለመደው ዱቄት ነው። ባለወፍጮውን "ለቢራ" ካላችሁት ግራ ይገባዋል፤ "እንደ ገብስ ሽርክት አላልተህ አውጣልኝ" በሉት፣ አንድ ጣሳ አስፈትሹ፣ አይታችሁ ቀጥሉ። ከእናንተ በፊት በርበሬ ወይም ሽሮ ከተፈጨ ሌላ ቀን ተመለሱ። ይኼን ለቀልድ አይደለም የምለው።

ባለ ሁለት ሮለር የእጅ ወፍጮ ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። ብዙዎቹ ሲመጡ ክፍተታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ወደ 0.9 ወይም 1 አጥብቡት። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንደ መለኪያ ያገለግላል፦ ካርዱ በሮለሮቹ መሃል ላላ ብሎ ማለፍ አለበት። ከጠበበበት ብዙ አጥብባችኋል። የብቅሉ ፍሬ ቀጭን ከሆነ ደግሞ በሰፊ ክፍተት ሳይነካ ያልፋል። አንድ እፍኝ ሽርክት ነጭ ወረቀት ላይ በትኑና ሙሉ ፍሬ ፈልጉ። አንድ ሁለት ካገኛችሁ ችግር የለም። በየቦታው ካያችሁ ግን ለዚያ ብቅል የከፈላችሁት ገንዘብ እዚያ ወረቀት ላይ ተኝቷል።

ሮለር ላላቸው አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። 5 ኪሎውን ብቅል ሰፌድ ወይም ሰፊ ሳፋ ላይ አድርጋችሁ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በመርጫ እየነፋችሁ አገላብጡት፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ገለባው ትንሽ ስለሚለሰልስ ሳይሰባበር ይከፈታል፤ ወፍጮውን አጥብባችሁም ማጣሪያችሁ አይበላሽም። የድንጋይ ወፍጮ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ ይለጠፋል። ባለወፍጮውም ሁለተኛ አያስገባችሁም።

በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ማሽ የምታደርጉ ከሆነ ማጣሪያው ጨርቁ ስለሆነ ደቀቅ ያለ ፍጭት ትችላላችሁ። ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ጋ በድስቱ ልክ አሰፉት።

ስለ ብቅሉም አንድ ሁለት ነገር። አርሲ የቢራ ገብስ አገር ነው፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፋብሪካ ብቅል ወጥ ነው። ለጠላ ቤት ውስጥ የሚበቅለው ግን ሁሉም ፍሬ እኩል አይበቅልም። ከእሱ 300 ነጥብ ብትጠብቁ ታዝናላችሁ፤ በ250 አስቡት። ብቅል እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የሳበ ደግሞ ሲሰበር ይጨፈለቃል። ቆርጥሙት፤ ቀጭ ካላለ ጥሩ አይደለም።

ውኃ

አዳማ የምትገኘው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የቧንቧው ውኃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የጉድጓድ ውኃ ግን በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይዱ የጤና ጉዳይ ነው። ማፍላት አያጠፋውም፣ ውኃው ሲተን ጭራሽ ያከማቸዋል፤ ስለዚህ ፍሎራይድ እንዳለበት በሚታወቅ ጉድጓድ አትጥመቁ። ለኢፊሸንሲ የሚያስጨንቀን ባይካርቦኔቱ ነው። የማሹን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) ወደ ላይ ይጎትታል፣ ኢንዛይሞቹም ይሰንፋሉ።

የሚፈለገው ፒኤች፣ ናሙናው ቀዝቅዞ ሲለካ፣ ከ5.2 እስከ 5.6 ነው። ማሹ ከተጀመረ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለኩ። መለኪያውን ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ ፈሳሾች ማስተካከል አትርሱ። ጥቁር ብቅል የገባበት ቢራ በራሱ ፒኤችን ስለሚያወርድ ብዙ ጊዜ ሳትነኩት ይስተካከላል። ነጣ ያለ ብቅል ብቻ ስትጠቀሙ ነው 5.8 እና ከዚያ በላይ የምታዩት።

"ውኃውን አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ" የሚል አለ። ይኼ የሚሠራው ውኃው ውስጥ ካልሲየም ሲኖር ነው፤ ካልሲየሙና ባይካርቦኔቱ አብረው ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይወርዳሉ። ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለበት ውኃ ግን ብታፈሉትም እዚያው ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ነጭ ቅርፊት አልያዘም ማለት ውኃችሁ ለቢራ ይመቻል ማለት አይደለም።

የሚሠራው አሲድ ነው። 88 በመቶ የሆነ ላክቲክ አሲድ ካገኛችሁ፣ ለ5 ኪሎ ብቅል አንድ ሚሊ ሊትር ፒኤችን በ0.06 ያህል ያወርዳል። ከ5.8 ወደ 5.5 ለማውረድ አምስት ሚሊ ሊትር ግድም ማለት ነው። በመርፌ ለክታችሁ ሁለት ሁለት ጨምሩ፣ አማስሉ፣ እንደገና ለኩ። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። ሎሚም አሲድ ነው፤ ግን ያንኑ ያህል ለማውረድ ብዙ ስለሚያስፈልግ ጣዕሙ ቢራው ውስጥ ይቀራል። ሌላው መንገድ ውኃውን ከታሸገ ውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ነው። ጠርሙሱ ላይ የባይካርቦኔቱ መጠን ተጽፏል፣ ዝቅተኛውን ምረጡ። ሁሉም የታሸገ ውኃ አንድ አይደለም።

የክሎሪን ሽታ ካለ ውኃውን ከማታው ቀድታችሁ ክፍት አሳድሩት። ይኼ ለጣዕሙ ነው እንጂ ለስኳሩ ምንም አይጨምርም።

ማሹን መሥራት

1. 17.5 ሊትር ውኃ አሙቁ። በኪሎ 3.5 ሊትር ነው። 66 ዲግሪ ላይ ማረፍ ከፈለጋችሁና ብቅሉ እንደ አዳማ ቤት 26 ዲግሪ ከሆነ፣ ውኃው 71 ዲግሪ መሆን አለበት። ዕቃው ቀዝቃዛ ከሆነ 72 አድርጉት።

2. ብቅሉን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሌላ ሰው ያማስል። አንዴ ከገለበጣችሁት ጓጉሎ ውጪው እርጥብ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ይሆናል። ገንፎ አገንፍቶ የሚያውቅ ይኼን አይስትም። ጓጎሎቹን አንድ በአንድ ዕቃው ጎን ላይ አፍርጡ።

3. ሙቀቱን መሃል፣ ዳር እና ታች ላይ ለኩ። ሦስቱ ካልተስማሙ ገና አልተማሰለም።

4. ክዳኑን ክደኑ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉ። አይስ ቦክስ ካላችሁ እሱ በቂ ነው።

5. በ20ኛው እና በ40ኛው ደቂቃ ከፍታችሁ አማስሉ። ሙቀት ይወጣል ብላችሁ አትፍሩ። አንድ ዲግሪ ከማጣት ያልተማሰለ ማሽ የባሰ ነው።

6. በ60ኛው ደቂቃ ግራቪቲና አዮዲን። ካላለቀ ሠላሳ ደቂቃ ጨምሩ። ከዚያ በላይ መጠበቅ ብዙም አያመጣም፤ ያኔ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

በቆሎ ወይም ማሽላ መቀላቀል የምትፈልጉ፣ ስታርቻቸው የሚላቀቀው ከገብስ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሆነ 66 ዲግሪ ላይ ጥሬውን ብትጨምሩት ብዙው እንደገባ ይወጣል። መጀመሪያ ለብቻው እንደ ገንፎ ቀቅሉት፣ ከዚያ ወደ ማሹ። የውኃውንም ሙቀት እንደገና አስቡ፣ ገንፎው ትኩስ ነውና።

አጠባ

ቅራሪ የሚያወጣ ቤት ይኼን ክፍል ግማሹን ያውቀዋል። ልዩነቱ ሁለተኛውን ውኃ ለብቻው አንጠጣውም፣ ከመጀመሪያው ጋር እንቀላቅለዋለን።

ብቅል በኪሎ አንድ ሊትር ያህል ይዞ ያስቀራል። ከ17.5 ሊትር 12.5 ይወርዳል። ከዚያ ሌላ 12.5 ሊትር ጨምራችሁ ታወርዳላችሁ፣ 25 ሞላ። ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስታጥቡ ብዙ ስኳር የሚወጣው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ፈሳሽ እኩል ሲሆኑ ነው። ሲሰላ፣ ያው 25 ሊትር ሳይታጠብ በአንዴ ቢወርድ ከተሠራው ስኳር 77 በመቶ ገደማ ይወጣል። አንዴ ሲታጠብ 86 ይደርሳል። ሁለተኛ አጠባ ሁለት ሦስት በመቶ ቢጨምር ነው። ለእኔ አንዱ ይበቃኛል።

ሲሠራ እንዲህ ነው። የማሹን ዕቃ ቧንቧ በጣም በትንሹ ክፈቱ። መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ስለሆነ በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ ከላይ መልሱት፣ እስኪጠራ። ከዚያ ወደ ድስቱ። ሲያልቅ ዝጉት፣ የማጠቢያውን ውኃ ጨምሩ፣ እና አማስሉ። በደንብ፣ ከታች ጀምሮ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ ውኃውን ከላይ አፍስሶ ዝም ብሎ ይከፍታል፣ ውኃውም አንድ ቦታ መንገድ አበጅቶ የቀረውን ስኳር ሳይነካ ይወርዳል። አሥር ደቂቃ አስቀምጡ፣ እንደገና ድፍርሱን መልሱ፣ አውርዱ።

ውኃው 80 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ብቅሉ ራሱ ግን ከ77 እንዳያልፍ። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ፒኤቹ ከ6 ካለፈ፣ ከገለባው አፍ የሚያጥር ጣዕም ይወጣል። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ለማጠቢያውም አሲድ ጨምሩ።

አልወርድ ካለ ቧንቧውን ዝጉ፣ ማሹን ከላይ በረጅም ቢላ ቆራርጡት፣ ትንሽ ፍል ውኃ ጨምሩና ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። አትንፉበት፣ አትምጠጡት።

ከቧንቧው በታች የሚቀረውንም አትናቁት። ባዶ ዕቃ ውስጥ 5 ሊትር ውኃ አድርጋችሁ በቧንቧው አውርዱ፤ 3.5 ብቻ ከወጣ በየጊዜው 1.5 ሊትር ወርት ትደፋላችሁ ማለት ነው። ዕቃውን በአንድ ጎን ከፍ ማድረግ ብቻ ግማሹን ይመልሳል።

የከረጢት ተጠቃሚዎች ጨመቅ አድርጉት። ብቅሉ ይዞ የሚያስቀረው በግማሽ ከቀነሰ፣ ሳይታጠብም 77 የነበረው ወደ 83 ይጠጋል። ድስቱ ላይ ወንፊት አስቀምጡና ከላይ ክዳን ጫኑበት፤ ትኩስ ስለሆነ በባዶ እጅ አይሆንም።

ዛሬ ድስቱ ውስጥ ያለውስ?

ይኼ ሁሉ ለሚቀጥለው ነው። ዛሬ 25 ሊትር በ1.042 ይዛችሁ ከቆማችሁና የፈለጋችሁት መጨረሻ ላይ 21 ሊትር በ1.055 ከነበረ፣ ያላችሁ 1,050 ነጥብ፣ የሚያስፈልጋችሁ 1,155 ነው። 105 ነጥብ ይጎድላል።

አንደኛው መንገድ 19 ሊትር እስኪቀር ማፍላት ነው። ጋዝ ይበላል፣ ቢራውም በሁለት ሊትር ያንሳል። የሆፕ (ቢራውን የሚያመርረው አበባ) ሰዓት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ስለሚቆጠር ትርፉ ውኃ መጀመሪያ ይጥፋ፣ ከዚያ ነው የመጀመሪያው ሆፕ የሚገባው። ሁለተኛው መንገድ ስኳር ነው። አንድ ኪሎ 384 ነጥብ ስለሚሰጥ 270 ግራም ይበቃል። ቢራውን ትንሽ ቢያቀጥነውም በዚህ መጠን ብዙም አይታወቅም፤ ወንጂ ጎረቤት ተቀምጦ ደግሞ ስኳር መጠቀም አያሳፍርም። ሊፈላ ሲል ጋዙን ቀንሱ፣ ስኳሩን በትንሽ ትኩስ ወርት አሟሙታችሁ ጨምሩ፣ ታች እንዳይያዝ አማስሉት።